ለጥንቃቄ ያህል የጻፍኩት

ኤዶን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ኤዶ ስሟ አይደለም፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው፣ የሰፈራችን ሰው ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠራት እንደዚያ ነበር። በየማለዳው ከድሬዳዋ ራቅ ብላ ካለችው ከጀልዴሳ በጭነት መኪና ሁለት ቢጫ ጀሪካን የግመል ወተት ይዛ ትመጣለች። ከመኪናው ወርዳ በጋሪ እኛ ሰፈር ትደርስና ግቢያችን በር ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። ጀሪካኖቹን በረጠበ ጆንያ ትሸፍናለች፣ የመስፈሪያ ጣሳዋን በአንዱ ክዳን ላይ ትደፋለች፣ ከዚያ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ይመጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ሲያጥር ጀሪካኖቹ ባዶ መሆን አለባቸው። የድሬዳዋ ፀሐይ ወተት አያስተርፍም።

እኛ ቤት የግመል ወተት አይጠጣም። አባቴም እናቴም ባቡር ሊሠሩ ከደጋ ከመጡ ሰዎች የተወለዱ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ የግመል ሥጋውም ወተቱም እኛ ዘንድ አይነካም። ስለዚህ ኤዶ ለእኛ ነጋዴ ሳትሆን በራችን ላይ የምትቀመጥ ሰው ነበረች። እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ ትሰጣታለች። እኔን ደግሞ ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት ጣቶቼን ይዛ በሶማልኛ እስከ አስር መቁጠር አስተምራኛለች። እሷን ስንጠራ "አንቺ" እንላታለን፤ በእኛ ከተማ ትልቅን ሰው እንዲህ መጥራት ንቀት አይደለም።

ከደንበኞቿ ሁሉ የማትቀረው ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው ባለሱቋ ነበረች። እሷም ሶማልኛ ተናጋሪ ናት። ባሏ ስኳር አለበት፣ ከወተት ሁሉ የሚስማማኝ የግመሉ ነው ይላል፣ ስለዚህ በየቀኑ ትወስድለታለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በዚህ ዓመት ነው። የደረሰኝ እዚሁ ከተማችን ስለሆነ ሳምንቱን ዶርም አድራለሁ፣ ዓርብ ከሰዓት ቤት እመጣለሁ፣ እሁድ እመለሳለሁ። ሰፈራችን የስልክ ግሩፕ አለው። መጀመሪያ የተከፈተው ቧንቧ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ለመነጋገር ነበር፤ ቀስ በቀስ ለቅሶውም፣ የጠፋው ፍየልም፣ ከየቻናሉ የተገለበጠው ዜናም እዚያው ይጻፍ ጀመር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ሰዎች አንድ ነገር ሲያዩ ወደ እኔ መላክ ለመዱ። "አንቺ የተማርሽ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?" ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ በጣም እወደው ነበር። አላውቅም ብዬ የመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ትንሽ አነባለሁ፣ ትንሽ እገምታለሁ፣ ከዚያ በጥንቃቄ የተሠራ መልስ እጽፋለሁ። "ተባረኪ"፣ "የሰፈራችን ኩራት" ሲሉኝ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

የሆነው ነገር በሆነበት ሳምንት የሳይኮሎጂ መምህራችን ሰዎች ያልሆነ ነገር እንዴት እንደሚያምኑ አስተምረውን ነበር። ሰው አስቀድሞ የተቀበለውን የሚደግፍለትን ብቻ እየመረጠ ያስታውሳል አሉ። ደጋግሞ የሰማውን ነገር ማስረጃ ሳይጨመርበት እውነት እያደረገው ይሄዳል አሉ። እኔ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ነው የምቀመጠው። ሁሉንም ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩ፣ በደብተሬ ጠርዝ ላይ ደግሞ "ለምሳሌ የሰፈራችን ባጃጅ ሹፌር" ብዬ ጨመርኩ። የባጃጅ ሹፌሩ ከግቢያችን ማዕዘን ላይ የሚቆም ጎልማሳ ነው፤ የተላከለትን ሁሉ የሚያምን ስለሚመስለኝ ነበር። ስለ ራሴ አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

ፎቶው የደረሰኝ ያን ዓርብ ነው። አንድ የማላውቀው ቻናል ላይ ወጥቶ አንዲት የክፍሌ ልጅ ላከችልኝ። ግመሎች አሸዋ ላይ ወድቀው ይታያሉ። አንዱ አፉን ከፍቶ፣ ጥርሶቹ ወጥተው፣ ዓይኑ ላይ ዝንብ ሰፍሮበታል። ከሥሩ "በጀልዴሳ አካባቢ ግመሎች በማይታወቅ በሽታ እያለቁ ነው" ይላል። የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ፎቶው መቼ እንደተነሳ አይገልጽም። እኔም አልጠየቅኩም። ያ የተከፈተ አፍ ጥያቄ አስረሳኝ።

ከዚያ አእምሮዬ ራሱ ማስረጃ ይፈልግልኝ ጀመር። ባለፈው ክረምት የባለሱቋን ባል ሁለት ቀን ሆዱን አሞት እንደነበር ትዝ አለኝ። በቃ፣ ይሄው አልኩ። በዚያው ክረምት ወተቱን ጠጥቶ ጤነኛ ሆኖ የዋለባቸው ቀናት ሁሉ ትዝ አላሉኝም። ደግሞም ማመኑ እኔን ምንም አላስቸገረኝም። ነገሩ ስለምንበላው ሽሮ ወይም በርበሬ ቢሆን ኖሮ መቶ ጥያቄ እጠይቅ፣ እናቴን አማክር፣ ወፍጮ ቤት ሄጄ አጣራ ነበር። የግመል ወተት ግን ወደ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ቢቀርም የሚቀረው ለሌላ ሰው ነው።

ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ለጥንቃቄ ያህል። በጀልዴሳ አካባቢ ግመሎች በማይታወቅ በሽታ እየሞቱ ነው ተብሏል። እስኪጣራ ድረስ የግመል ወተት ባንጠቀም ይመረጣል።" ፎቶውንም አያያዝኩት። ከመላኬ በፊት የፊደል ስህተት እንዳይኖር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ተብሏል" የምትለዋን ቃል ያስገባሁት አስቤ ነው፤ እሷ ካለች እኔ ጥፋተኛ የምሆን አልመሰለኝም። መጠንቀቅ ማንን ይጎዳል? ወዲያው ምስጋናው ጎረፈ። አበባ የላኩም ነበሩ።

እሁድ ከሰዓት ወደ ዶርም ስመለስ ያ ባጃጅ ሹፌር ጫነኝ።

"አቦ ሰማሽ? ጀልዴሳ ግመል አለቀ አሉ" አለኝ።

"ከየት ሰማህ?"

"የሹፌሮች ግሩፕ ላይ ነዋ። ስሚው።" እየነዳ ስልኩን ከፈተልኝ። አንድ ወንድ በኦሮምኛ ፈጠን ፈጠን እያለ ይናገራል። ኦሮምኛ ጠልቄ አልችልም፣ "አናን" ወተት መሆኑን ግን አውቃለሁ፣ ጀልዴሳም ሲል ሰማሁት። "ዩኒቨርሲቲ መርምሮ ነው የደረሰበት እያለ ነው" ብሎ ተረጎመልኝ።

ልቤ ደነገጠ፣ እውነት ለመናገር ግን ደስም ብሎኝ ነበር። ከሁሉም ቀድሜ ያስጠነቀቅኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው።

ዶርም ስደርስ ሶማልኛ የምትናገር የዶርም ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ድምፅ ታዳምጣለች። አንዲት ሴት ናት የምትናገረው፣ ድምፅዋ የተጨነቀ። "ዓኖ" ስትል ሰማሁ፣ ወተት ማለት ነው። "ጃሚዓ" ስትልም ሰማሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው።

"ምንድነው የምትለው?"

"አክስቴ ናት የላከችልኝ። ከጀልዴሳ የሚመጣ ወተት አትጠጡ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰው አረጋግጧል ነው የሚለው።"

ወደ እኔም ስልክ እንድትልከው ለመንኳት፣ ላከችልኝ። ከዚያ ተቀምጬ ሁለተኛውን መልእክት ጻፍኩ። ዛሬ ድረስ በቃሌ እወጣዋለሁ፦ "ጉዳዩ ከሦስት የተለያዩ ምንጮች ተረጋግጧል። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ተመሳሳይ መረጃ እየወጣ ነው። ዩኒቨርሲቲም አረጋግጦታል። የግመል ወተት አትጠቀሙ።" በዚህኛው ውስጥ "ለጥንቃቄ" የሚል የለም፣ "ተብሏል" የሚልም የለም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቀምጬ እየጻፍኩ፣ የትኛው ክፍል መረመረው ብዬ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅኩም። በሦስት ቋንቋ የተነገረ ነገር እንዴት ሐሰት ይሆናል? ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሦስቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች በአንድ ነገር ከተስማሙ እኛ ዘንድ ነገሩ አለቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ከአራት ሰዓት አልፏል። ወደ በር ስወጣ ኤዶ ዛፉ ሥር ተቀምጣለች፣ ሁለቱም ጀሪካኖች አፋቸው ድረስ ሙሉ ናቸው። ጣሳው ደርቋል። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

"ናያ፣ ነይ እስቲ" አለችኝ፣ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። "አንቺ ነሽ የጻፍሽው ይላሉ።"

"እኔ ብቻ አይደለሁም ኤዶ። ብዙ ቦታ ወጥቷል።"

"አሳዪኝ።"

ፎቶውን ከፍቼ ስልኩን ሰጠኋት። አራቀችው፣ አቀረበችው፣ በሻሿ ጫፍ መስታወቱን ጠረገች፣ እንደገና አየችው።

"ይሄ የኛ አይደለም" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"አንገቱን እዪ። ቁጥር አለበት። በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። የኛ ሰው ግመል ላይ ቁጥር ይጽፋል እንዴ? እኛ በእሳት ነው ምልክት የምናደርገው። የማን እንደሆነ እሱን አይተን እናውቃለን።" ከዚያ ጀሪካኑን መታ መታ አደረገችው። "ይሄ ዛሬ ንጋት ላይ የታለበ ነው። እኔ ነኝ ያለብኩት። የታመመ ግመል ወተት ይሰጣል?"

ቁጥሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፎቶውን ስንት ጊዜ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ ከተከፈተው አፍ አልፎ አያውቅም ነበር። ቀይ ቁጥሩ ግን አንገቱ ላይ ጉልህ ሆኖ ይታያል።

እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ከጀልዴሳ በዚያው ጠዋት የመጣች፣ ግመሎቹን በእጇ ያለበች፣ ከልጅነቴ የማውቃት ሴት ፊቴ ተቀምጣ እየነገረችኝ ነው። እኔ ግን በልቤ ያልኩት፣ ነጋዴ ናት፣ ወተቷን መሸጥ ትፈልጋለች፣ ሌላ ምን ልትል ትችላለች የሚል ነው። እንዲህ ማሰቤ ብልህነት መስሎኝ ነበር። የላኪውን ስም እንኳ የማላውቀውን ቻናል ግን ምን ፈልጎ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም።

"እስኪጣራ ድረስ ነው ኤዶ" አልኳት።

"ማን ያጣራል?"

ስልኬን መለሰችልኝ። ጣሳዋን አነሳች፣ ሞልታ ቀዳች፣ ተነስታ ቆመች። ማዶ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ወደ እሷ ዞሩ። ኤዶ ሳታቋርጥ ጠጣችው፣ አፏን ጠረገች፣ ባዶውን ጣሳ ገልብጣ አሳየቻቸው።

"ይሄው! ሞትኩ?"

"ዋሪያ፣ አምቡላንስ ጥራ!" አለ አንዱ ጓደኛውን እየጎሸመ፣ ሁሉም ሳቁ።

"ዛሬማ ምንም አትሆኚም" አለ ሌላው። "ሳምንት ቆይቶ ነው የሚጥለው ተብሏል።"

"ማን አለ?"

"ግሩፕ ላይ ነዋ!"

እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልጻፈም። እኔ እያንዳንዱን መልእክት አነባለሁ፣ የለም። እንደሌለ እያወቅኩም ዝም አልኩ።

ባለሱቋ በበሯ ቆማ ታያለች። ኤዶ ወደ እሷ ዞረች። "አንቺስ?" አለቻት።

"ለኔ ቢሆን አሁኑኑ እጠጣው ነበር ወላሂ" አለች ባለሱቋ ዓይኗን ሰብራ። "እሱ ግን በሽተኛ ነው ኤዶ። በእሱ እንዴት ልሞክር?"

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥላው ከኤዶ ላይ ሸሸ። የመጀመሪያውን ጀሪካን አነሳች፣ ወደ መንገዱ ዳር ሄደች፣ ደፋችው። ሁለተኛውንም። ነጩ ወተት አሸዋው ላይ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሰመጠ። ባዶዎቹን በገመድ አስራ ጋሪ ጠራች። ለእናቴ እጇን አውለበለበችላት። ወደ እኔ አላየችም።

እናቴ የበሩን መቃን ተደግፋ ሁሉንም አይታለች።

"ይቺ ሴት አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እዚህ ትቀመጣለች" አለችኝ። "ዋሽታሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ያን ፎቶ መጀመሪያ ያወጣው ሰውዬስ? እሱን ከመቼ ጀምሮ ታውቂዋለሽ?"

በጣም ተናደድኩ። እናቴ ስለ መረጃ ምን ታውቃለች አልኩ። እሷን ለማሳመን ብዬ ነው በቀጥታ ወደ ባለሱቋ የሄድኩት። ያን የሶማልኛ ድምፅ ቃል በቃል እንድትተረጉምልኝና ለእናቴ እንድትነግራት ፈልጌ ነበር። ሱቋ ውስጥ ከሩዝ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ድምፁን ከፈትኩት።

ባለሱቋ ስኳር እየቋጠረች ነበር። እጇ ቆመ።

"ቆይ፣ ቆይ። እንደገና ክፈቺው።"

ከፈትኩት።

"እንዴ! ይሄ የእህቴ ድምፅ ነው እኮ!"

"የማን?"

"የእህቴ! ሳቢያን ሰፈር ያለችው። ማን ላከልሽ?"

"ጓደኛዬ። እህትሽ ግን ከማን ሰማች?"

"ከኔ ነዋ። አንቺ የጻፍሽውን እንዳየሁ በድምፅ ላኩላት። እሷ አማርኛ ማንበብ አትችልም።"

"ዩኒቨርሲቲ አረጋገጠ የሚለውስ?"

ባለሱቋ ሳቋ መጣ። "አንቺ ነሻ! እኔ 'ግቢያችን ያለች የዩኒቨርሲቲ ልጅ ጻፈችው' ነው ያልኳት። እሷ አሳጥራው ይሆናል።" ሳቋን የቀጠለችው ፊቴን እስክታይ ድረስ ነው። ከዚያ ስኳሩን አስቀመጠች።

ወደ ማዕዘኑ ሮጥኩ። የባጃጅ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ ጫት ይቅማል።

"ያ የኦሮምኛ ድምፅ ከየት ነው የመጣው?"

"ከሰፈር ግሩፕ ነዋ። ያንቺን አንብቤ ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ አንዱ ደግሞ ቀድቶ ለቀቀው። ምነው?"

"ዩኒቨርሲቲ መርምሮ ያልከውስ?"

"አንቺ ዩኒቨርሲቲ አይደለሽም እንዴ?"

ሦስቱ ምንጮች እኔ ነበርኩ። ዓርብ ዕለት ከእጄ የወጣው ነገር እሁድ በሌላ ድምፅና በሌላ ቋንቋ ተመልሶ ሲመጣ አላወቅኩትም። የራሴን ቃል ሰምቼ፣ ይሄው ሌላም ሰው ይህንኑ አለ ብዬ ነው ሁለተኛውን የጻፍኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት ማድረግ የነበረብኝን ነገር በመጨረሻ አደረግኩ። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩት። ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ከዓመታት በፊት ባሕር ማዶ፣ በሌላ አገር፣ በውሃ ጥም የሞቱ ግመሎች ናቸው። ቀዩ ቁጥር እዚያም ፎቶ ላይ አለ። ጥቂት ደቂቃ ነው። የሁለቱን መልእክቶቼን ፊደል ለማረም የፈጀሁትን ጊዜ ያህል።

ማስተካከያ ጻፍኩ። ረጅም ነበር። ሁሉንም ነገር በቅደም ተከተል አስረዳሁ፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። ፎቶ አላያያዝኩበትም፣ የሚያያዝ ፎቶ ምን አለ? ጤነኛ ግመል ፎቶ ማን ያያል? አንድ ሰው የአውራ ጣት ምልክት አደረገበት። ከሥሩ ወዲያው ስለ ውሃ ጥያቄ መጣ። ባለሱቋን ለእህቷ እንድትነግራት ለመንኳት፤ "እነግራታለሁ፣ እሷ ግን ለማን ለማን እንደላከች በምን ታውቃለች?" አለችኝ። የባጃጅ ሹፌሩ ራሱን አከከ። "አቦ፣ ባለፈው ሳምንት እውነት ነው ብዬ፣ ዛሬ ውሸት ነው ልበል? ይስቁብኛል። አንቺ ራስሽ ተናገሪ" አለ። በየትኛው ኦሮምኛዬ?

ኤዶ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወደ ሰፈራችን አልመጣችም። ዛፉ ሥር ያለው መሬት እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ ነው፤ በዚያ ሳምንት ዶሮዎች ይተኙበት ጀመር። በሚቀጥለው ዓርብ ከክፍል እንደወጣሁ ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። የግመል ወተት የሚሸጥበትን መደዳ ጠይቄ አገኘሁት። ጥላ ያለው ቦታ ሁሉ የቆዩ ሻጮች ነው፤ ኤዶ ከመደዳው ጫፍ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ ስባ ተቀምጣለች። አንድ ጀሪካን ብቻ ነው የያዘችው።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፎቶውን፣ የባለሱቋን እህት፣ ሦስቱን ቋንቋዎች። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ፎቶው ያለውን ለሰው ሁሉ ጻፍሽ" አለችኝ በመጨረሻ። "እኔ የነገርኩሽን ለማንም አልጻፍሽም።"

"ምን ላድርግ ኤዶ?" አልኳት።

"እዚህ ቦታ የለኝም። ለአንድ ጀሪካን ተብሎ ከጀልዴሳ አይመጣም። ወተቱን እዚያው የሚሰበስብ ሰው አለ፣ ለሱ ሰጥቼ ቤቴ እቀመጣለሁ።" ጣሳውን እያዞረች አሰበች። "ሦስት ቤት ይውሰድልኝ። ከድሮው ሰው ሦስት ቤት ብቻ። ካለ ሰኞ እመጣለሁ። ሂጂ፣ ጠይቂና ደውዪልኝ።"

ቅዳሜ ማለዳ ጀመርኩ። ስልኬን ሆን ብዬ ቤት ትቼ ነው የወጣሁት። ደንበኞቿን አውቃቸዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጣሳና ጆግ ይዘው ሲመጡ አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ እስከ መጨረሻው ሰምታ "እሺ የኔ ልጅ፣ እናስብበታለን" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ሁለተኛው ቤት ሰውየው ሳቀብኝ። "መጀመሪያ አትጠጡ፣ አሁን ጠጡ። ምን ሰጠችሽ?" አለኝ። ሦስተኛው ቤት አልተከፈተልኝም። አራተኛው ላይ በሶማልኛ ልናገር ሞከርኩ፤ ልጆቹ አነጋገሬን እየደገሙ ተሳሳቁ፣ እናታቸው ግን በመጨረሻ የያዘችው ወተትና በሽታ የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። ደረቷን ይዛ "ስላስጠነቀቅሽን አላህ ይስጥልን" አለችኝ። እንደገና ላስረዳት ስሞክር ይበልጥ ፈራች።

ባለሱቋን ወደ መጨረሻው አቆየኋት፣ እሷ እሺ እንደምትል እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

"ውሸት መሆኑን አውቃለሁ" አለችኝ። "ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ወተቱን ሳስበው ያ አፉን የከፈተው ግመል ፊቴ ይመጣል። እሱን እያየሁ ለባሌ መቅዳት አልችልም። ምን ላድርግ አባዮ፣ እህቴ?"

የቀረኝ አንድ ቤት ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ስልክም ቴሌቪዥንም የላቸውም፣ ግሩፕ የሚባለውን ነገር አያውቁትም። በሩን እንዳንኳኳሁ ቀድመው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። "ኤዶ የት ጠፋች? ወተቱን የሚያመጣልኝ የጎረቤት ልጅ ከቀረ ወዲህ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻዬን ያለ ወተት ነው የምጠጣው።"

ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ሰኞ ትመጣለች ብዬ ሮጬ መሄድ እችል ነበር። ግን መደበቅ ነውር መሰለኝ፤ በኋላ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት አልኩ። ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

"ግመሎቹ ታመዋል እንዴ?" አሉኝ።

"አልታመሙም። ታመዋል የተባለው ሐሰት ነው።"

"ካልታመሙ ታዲያ ለምን ትነግሪኛለሽ?"

"ሰው ስለሚያወራ ነው። እንዲያውቁት ብዬ።"

"ሰው ዝም ብሎ አያወራም" አሉ አሮጊቷ፣ ሻይ ብርጭቋቸውን እያዩ። "በቃ ይቅርብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሆዴን አልፈትንም።"

እሁድ ከሰዓት ከዶርሙ ጀርባ ካለው ግንብ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። ኤዶ በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው፣ ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው።

"ስንት ቤት?" አለችኝ።

ሁለት ቤት እያሰቡበት ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "እናስብበታለን" ያለችኝን ሴትዮ ቆጥሬ፣ ውሸት መሆኑን የምታውቀውን ባለሱቋን ቆጥሬ። እንዲህ ብላት ደስ ይላታል፣ ሰኞም ሁለት ጀሪካን ሞልታ ትመጣለች፣ እኩለ ቀን ላይም ትደፋዋለች።

"አንድም የለም ኤዶ" አልኳት።

"አንድም?"

"አንድም።"

"ሀዬ" አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ግመሎቹን እያፏጨ ሲጠራ ይሰማል፣ እነሱም በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ይመልሱለታል፣ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፣ ብዙ ናቸው። እሷ እስክትዘጋው ጠበቅኩ። እሷም እኔ እስክዘጋው የምትጠብቅ ይመስለኛል፣ እንደዚያው ሆነን ብዙ ቆየን።